የፈንታነሽ ደም ቶሎ ጠለለ

መጀመሪያ ይቅርታ። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ በቀበሌው አዳራሽ፣ የኋላ አግዳሚ ላይ ተደብቄ። እስከ ዛሬ አንድ ቃል በየትኛው “ሰ” እንደሚጻፍ ሳስብ ወጥ ያርርብኛል። እንዲህ ያለች ሴት ብዕር አንስታ የሰው ታሪክ ልጻፍ ማለቷ ድፍረት መሆኑን አውቀዋለሁ። ግን መጻፍ የሚችሉት ያን ጊዜ ጠላ ቤት አልነበሩም፤ ጠላ ቤት የነበሩት ደግሞ መጻፍ አይችሉም። መሐል ላይ የተገኘሁት እኔ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ሌላም ይቅርታ አለኝ። ፈንታነሽን በአካል አንቱ ነው የምላት፤ በብዙ ዓመት ትበልጠኛለች። በጽሑፍ ግን “ሄዱ፣ ተቀመጡ፣ ሳቁ” እያልኩ ስሞክረው አንዲት ሴት መሆኗ ቀርቶ ማኅበርተኛ የተሰበሰበ መሰለብኝ። ስለዚህ ደፍሬ ነጠላ አደረግኋት። ብትቀየመኝ እውነቷን ነው።

ፈንታነሽ ደብረ ታቦር ላይ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው ሠፈር፣ ጠላ ትሸጥ ነበር። በደጇ እንጨት ላይ የተደፋው ጣሳ ከአብዮቱ በፊትም ነበረ፤ አብዮቱም ሲመጣ አላወረደውም። የታወቀችው በጠላዋ ጥራት ነው። ሌላው ከነጉሹ ሲቀዳ፣ እሷ ጋኗን ከድና፣ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጥፋ፣ “አሁን ተኛ” እስክትል ድረስ ማንም አይቀምስም። የዘወትር ደንበኛዋ ልብስ ሰፊው ሞላ፣ “እኔ ጢሜን የምከረክመው በፈንታነሽ ጣሳ ውስጥ እያየሁ ነው” ይል ነበር። አንድ ቀን በግማሽ ጢም መጣ። ምን ሆነህ ነው ሲሉት፣ “ሳልጨርስ ጠማኝ” አለ።

ከአጥሩ ወዲያ ጥሩወርቅ አለች። እሷም ጠማቂ ናት። የጥሩወርቅ ጠላ ወፍራም ነው፣ ጉሽ ነው፣ ጣሳ ውስጥ ጣት ቢነከር ጣቱ አይታይም። ሁለቱ ሴቶች በአጥር ላይ ሲነጋገሩ መስማት ከጠላው በላይ ያረካ ነበር።

“ያንቺን ጠላ እኮ ማኘክ ነው” ትላለች ፈንታነሽ።

“ያንቺን የጠጣ ደግሞ ምሳውን ቤቱ ሄዶ ይብላ” ትላለች ጥሩወርቅ። “ጠራ ጠራ ትያለሽ፤ ውሃም ይጠራል።”

ሃያ ዓመት እንዲህ ተባብለዋል። አንዷ ስትታመም ሌላዋ አጥሚት ይዛ ትመጣለች፤ አጥሚቱን እየጠጡ ደግሞ ይሰዳደባሉ።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ ሲገባ፣ ፈንታነሽን ወገቧን አመማት። መጀመሪያ እንስራ ሳነሳ ተቀጭቼ ነው አለች። ታሸች። ጣራ ገዳም ወጥታ ፀበል ተጠመቀች። ፀበሉ ልቧን አሳረፈላት፣ ወገቧ ግን እንደ ነበረ ነበረ። እየዋለ እያደረ ደግሞ ጉልበቷ ከዳት፤ ከንፈሯ ነጣ፤ ከጋኑ እስከ ደጁ ስትመጣ ሁለት ጊዜ ትቀመጣለች። በመጨረሻ ባሏ ላቀው ጨቀጨቃትና ጤና ጣቢያ ሄደች። እዚያ የተቀበላት የጤና ረዳት ወገቧን መታ መታ አድርጎ፣ “ደምዎ ይታይ” ብሎ ወደ ላብራቶሪው ላካት።

ላብራቶሪው አንድ ክፍል ነው። ውስጡ ያለው ሰው ማሩ ይባላል፤ የአሰላ ልጅ ነው፣ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ቀጭን፣ ዓይነ አፋር፣ ሲናገር ጫማውን የሚያይ ነው። አንድ ጠባይ አለው፤ የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል፣ የመለሰው ደግሞ ሁልጊዜ እውነት ነው። ነገሩን ሁሉ ያመጣው ይህ ጠባዩ ነው።

ከክንዷ ደም ቀዳና እንደ ስንደዶ በቀጠነ ረጅም ብርጭቆ ሞልቶ በእንጨት መደርደሪያ ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመው።

“ምን ልታደርገው ነው?” አለችው ፈንታነሽ።

“አቆመዋለሁ፣ እማማ። አንድ ሰዓት ይቆማል።”

“ከዚያስ?”

“ደሙ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከላይ ይጠልላል። ምን ያህል እንደ ወረደ እለካለሁ።”

ፈንታነሽ መደርደሪያውን አየች፣ እሱን አየች። “ስንት ዓመትህ ነው መጥመቅ ከጀመርክ?”

“እኔ አልጠምቅም፣ እማማ።”

“ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?”

ማሩ ጫማውን አየ።

“ደጅ ሆነው ይጠብቁ” ቢላትም አልወጣችም። እየጠለለ ያለ ነገር ትታ የወጣችበት ቀን የለም። በርጩማውን ስባ ተቀመጠችና ብርጭቆው ላይ ዓይኗን ተከለች። ማሩ መሳቢያ ሲከፍት ጠረጴዛው ነቅነቅ አለ።

“ቀስ፤ ይደፈርስብሃል።”

ማሩ ደንገጥ አለ። አስተማሪው ልክ ይህንኑ ነበር የሚሉት። ከዚያ ወዲያ መሳቢያውን እንደ ሌባ ነው የከፈተው።

ሰዓቱ ሞላ። ቀዩ ወደ ታች ወርዶ ከላይ ያለው እንደ ማር ውሃ ቢጫና ጥርት ያለ ሆኗል። ማሩ ጎንበስ ብሎ መስመሩን አነበበ። ቀና አለ፤ ዓይኑን ጠራርጎ ደግሞ አነበበ።

“ስንት ወረደ?” አለች።

“መቶ አሥራ ስምንት።”

“ይሄ ጥሩ መጥለል ነው?”

“በጣም ነው የጠለለው። እንዲህ ቶሎ የጠለለ ደም አይቼ አላውቅም፣ እማማ።”

“የሌላው ሰውስ?”

“የሌላው ሰው አሥር፣ አሥራ አምስት። ሃያም አለ።”

ፈንታነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። “እሱማ ጉሽ ነው” አለች።

ማሩ ደስ ያላት ለምን እንደሆነ አልገባውም። ወረቀት ጽፎ ሰጣት። “በወሩ መጨረሻ ከጎንደር ሐኪም ይመጣል። ይህን ይዘው ይምጡ፣ አይቅሩ።” እሷም “እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠማቂው” ብላው ሄደች። ወገቧ እንደሚያማት ያስታወሰችው ዳገቱን ስትወጣ ነው።

ፈንታነሽ ማንበብ አትችልም፤ የሚያነብላት ላቀው ነው። ላቀው ደግ፣ ፈሪ ሰው ነው። በንጉሡ ጊዜ በአባቱ አገር፣ በአባቱ እግር ተተክቶ፣ ሁለት ዓመት ጭቃ ሹም ሆኖ ነበር። ከሹመቱ የተረፈው አንድ ዱላ ነው፤ እሱንም አብዮቱ ሲፈነዳ ፈልጦ አንድዶታል። ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው መድረክ ላይ ያለው ሰው “የፊውዳል ዝቃጮች” ባለ ቁጥር ላቀው አንድ ነገር ይወድቅበታል፤ ጎንበስ ብሎ ሲፈልግ ይቆይና ቃሉ ሲያልፍ ቀና ይላል።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ማንበብ ጀመረ። “የደም…” አለ።

“በል እንጂ፤ የደም ምን?”

“የደም ዝቃጭ።” ድምፁ ቀጠነ። “መቶ አሥራ ስምንት።”

“አዎ፣ እሱ ነው። ታየልህ?”

ላቀው ተነሥቶ በሩን ዘጋ። “ደረሱብኝ” አለ።

“ማን?”

“በደም የመጣ ዝቃጭ ነው የሚሉት። ያባቴን ሹመት ቆጥረውታል። ቁጥርም ሰጥተውኛል።”

“አንተ ሰው፣ ያንተ አይደለም፤ የኔ ደም ነው። ቶሎ ጠለለ ነው የሚለው። ልጁ በአፉ ነግሮኛል።”

“ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸው ይላል መጽሐፉ። የእነሱም ሕግ በዚህ በዚህ ሳይስማማ አይቀርም።”

ፈንታነሽ ሳቀች፣ ተቆጣች፣ ለመነችው፤ አልሆነም። ላቀው ወረቀቱን በአራት አጥፎ የጓዳው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ከተተና በጭቃ መረገው። አዲሱ ምርጊት በአሮጌው ግድግዳ ላይ እንደ ጥርስ ይታይ ነበር። ይህ እንዳይታወቅ ደግሞ ግድግዳውን ሁሉ መረገ። ጎረቤት፣ “ላቀው በክረምት ምርጊት ምን አስጀመረው?” እያለ ተገረመ።

ወረቀቱ ግድግዳ ውስጥ ቢገባም ወሬው አልገባም። ፈንታነሽ ለሞላ ነገረችው፤ ለሞላ መንገር ለከተማው ሁሉ መንገር ነው።

“ደሜ እንኳ ባንድ ሰዓት ነው የሚጠልለው” አለችው ጣሳውን እየሞላች። “መቶ አሥራ ስምንት። ልጁ እንዲህ ያለ አይቶ አያውቅም።”

“ጠማቂ ሲሆን እስከ ደሙ ነው” አለ ሞላ።

ከአጥሩ ወዲያ ጥሩወርቅ ሰማች። “የኔ ደም ደግሞ ምን ሊሆን ነው?” አለች።

“ያንቺማ እንደ ጠላሽ ነው፤ ተኝቶ አያውቅም።”

“ይለካ።”

“ይለካ” አለ ሞላም። “እኔም እለካለሁ። የተሸነፈ ያጠጣል።”

የሐምሌ መጨረሻ መጣ፤ የጎንደሩ ሐኪም መጣ። ፈንታነሽ ግን አልሄደችም። ጥሩ ደም ይዞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ለምን ያስፈልጋል? ወረቀቱም ግድግዳ ውስጥ ነው። ወገቧ ሲያማት መቀነቷን ታጠብቃለች፤ ሲብስባት ጋኑን ተደግፋ ትቆማለች።

ማሩ ግን አልረሳትም። ከደሟ አንድ ጠብታ በመስታወት ላይ ቀብቶ አስቀምጦ ነበር፤ እሱን ለሐኪሙ አሳየ። ሐኪሙ በማጉያው ብዙ አየና፣ “ሴትዮዋ የት አለች?” አለ። ሳንባ የሚይዘው ነቀርሳ ወገቧ ላይ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል፤ የአጥንት መቅኔ ካንሰር ገና ሲጀምር እንዲህ ያደርጋል አለው። ከመቅኔዋ በመርፌ ቀድቶ ካላየ ስሙን አይናገርም። እሱ ጎንደር የሚቆየው እስከ ነሐሴ አሥራ ሁለት ነው፤ ከዚያ ለትምህርት ውጭ አገር ይሄዳል፤ ተተኪው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። “ፈልጋት” ብሎት ሄደ።

ማሩ ፈለጋት። መዝገቡ ላይ ያለው “ፈንታነሽ፣ ዕድሜ ሃምሳ ሁለት” ብቻ ነው። የአሰላ ልጅ ከተማውን አያውቅም። ሦስት ፈንታነሾች አገኘ። አንዷ አሥር ዓመቷ ነው፤ አንዷ በሚያዝያ አርፋለች፤ ሦስተኛዋ “ደሜን ለማን ሰጥቼ አውቃለሁ” ብላ በጣባ ውሃ አባረረችው።

በነሐሴ ስምንት ጠዋት ላብራቶሪው በር ላይ ሰው ተሰለፈ። አምስት ሰው፣ አምስቱም ወገቡን ይዟል። ማሩ በከተማው የወገብ ወረርሽኝ የገባ መሰለው። ደማቸውን ቀዳ፣ አቆመ፤ አምስቱም አንወጣም አሉ። ብርጭቆዎቹን ከበው እንደ ፈረስ ጉግስ ተመልካች ይመለከቱ ነበር።

“የኔ ወረደ” ይላል አንዱ።

“የታባቱ ወረደ፤ ጥላ ነው።”

ሰዓቱ ሞላና ማሩ አነበበ። “አቶ ሞላ፣ አራት።”

ሞላ ወገቡን ለቀቀ። “አራት ብቻ?”

“አራት። በጣም ጥሩ ነው።”

“አታባብለኝ፣ ወንድሜ።”

“ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ አሥራ ሁለት።”

ጥሩወርቅ እጇን ጉንጯ ላይ ጫነች። “አለቀልኝ” አለች። “ከእንግዲህ በምን አፌ አጥር ላይ እወጣለሁ?”

ማሩ አምስት ጤነኛ ሰው እንዲህ አዝኖ አይቶ አያውቅም። ምን ሆናችሁ ብሎ ሲጠይቅ ሞላ በቅሬታ መለሰለት፤ “እትየ ፈንታነሽ መቶ አሥራ ስምንት አላት። እኛ አራት፣ አሥራ ሁለት። ምን በድለን ነው?”

ማሩ እጁ ላይ የነበረውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባው፤ “በጣም ነው የጠለለው” ያለውም ትዝ አለው። ፊቱ ደም መሰለ።

“ቤቷን ታውቃላችሁ?” አለ።

“ቤቷንማ እግራችን ብቻውን ያውቀዋል” አለ ሞላ።

ያን ቀን ላብራቶሪውን ጥሎ መሄድ ስላልቻለ፣ በማግስቱ፣ በነሐሴ ዘጠኝ ከሰዓት በኋላ፣ ማሩ ነጭ ካፖርቱን እንደ ለበሰ ጠላ ቤቱ ደረሰ። ዝናብ ነበርና ቤቱ ሙሉ ነው። ላቀው ነጭ ካፖርት ሲያይ ጣሳ ወደቀበት፤ ጎንበስ ብሎ መፈለግ ጀመረ።

“ጠማቂው መጣ” አለች ፈንታነሽ። “ጥሩወርቅ፣ ነይ ወዲህ በአጥሩ በኩል፤ ጌታው ራሱ ይንገርሽ።”

“እማማ፣ ለብቻዎ ላነጋግርዎት።”

“ምን ለብቻ አለ? ይስሙ። መቶ አሥራ ስምንት በላቸው።”

ማሩ ጫማውን አየ። ከዚያ፣ እሷ እንደ ነገረችኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይኗን አየ። “እማማ፣ እርስዎ የሙያው እመቤት ነዎት። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጥሩ ጠላ በስንት ጊዜ ይጠልላል?”

“እንደ ብርዱ ነው። ውሃ ከገባበት ወዲያ ሁለት ቀን። ብትቸኩል አንድ ቀን ተኩል።”

“ባንድ ሰዓት የሚጠልል ጠላስ?”

“እንዲህ ያለ ጠላ የለም።”

“ቢኖርስ? ቢያጋጥምዎት ምን ይላሉ?”

ፈንታነሽ ለመመለስ አፏን ከፈተች። ሙያዋን የጠየቃት ሰው ሳይመለስለት ሄዶ አያውቅም። “ባንድ ሰዓት ከጠለለማ የጓጎለ ነው። አሻሮው፣ ቆልተን የምንፈጨው እህል፣ ሳይልም ቀርቶ እርስ በርሱ ተጣብቋል። የተጣበቀ ይከብዳል፣ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ከላይ ያለው ሲያዩት መስተዋት ነው፤ ግን ጠላ አይደለም። እንዲህ ያለውን እኔ…” አለችና ቆመች።

ዝናቡ ብቻ ነው የሚሰማው።

“…እኔ እደፋዋለሁ” አለች ቀስ ብላ።

ሞላ ጣሳውን መሬት አስቀመጠ። ጥሩወርቅ ከአጥሩ ወዲያ፣ “ምን አለችው? ምን አለችው?” ትላለች፤ የሚመልስላት የለም።

ፈንታነሽ ማሩን ወደ ጓዳ አስገባችው። ጓዳው ውስጥ ለቡሄ የተጠነሰሰው ትልቁ ጋን ቆሟል። ነሐሴ አሥራ ሦስት የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ ከተማው በስሙ የሚከበርበት ቀን። ያን ቀን የፈንታነሽ ጋን ሲከፈት ከሐሙሲት ድረስ የሚመጣ ሰው አለ። ጋኑ መጀመሪያውን፣ ጥንስሱን፣ አልፎ ድፍድፍ ላይ ነው፣ ገና ወፍራም ሊጥ፤ በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ውሃ ይገባበታል። ስንት ውሃ፣ በየትኛው ሰዓት፣ እሷ ነች የምታውቀው።

“ንገረኝ” አለችው።

ማሩ ነገራት፤ በሷው ቋንቋ ነገራት። ሰውነት ውስጥ አንድ ነገር ሲቆጣ፣ ደም ውስጥ የሚያጣብቅ ነገር ይበዛል አላት። የደሙ ቅንጣቶች እንደ እንጀራ አንዱ ባንዱ ላይ ይደራረባሉ፤ የተደራረበው ከብዶ ቶሎ ይወርዳል። “ደሙ የተቆጣ ነገር መኖሩን እንጂ ስሙን አይናገርም። ስሙን ለማወቅ ጋኑን ማየት ነው።”

“ጋኑ የት ነው?”

“አጥንትዎ። ደም የሚጠመቀው አጥንት ውስጥ ነው፣ መቅኔው ላይ። ሐኪሙ በመርፌ ቀድቶ ያየዋል።”

ፈንታነሽ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። “ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል ነበር የማውቀው” አለች። “ለካ አጥንት ያባውንም ደም ያወጣዋል።” ደግሞ አሰበችና፣ “የት ደረጃ ላይ ነው? ጥንስስ ነው ድፍድፍ?”

ማሩ እንዲህ ያለ ጥሩ ጥያቄ ከሐኪምም አልሰማም። “ሐኪሙ የሚፈራው ነገር ከሆነ ገና ጥንስስ ሊሆን ይችላል ብሏል። ቶሎ ከታየ የሚደረግ ነገር አለ። እስከ አሥራ ሁለት ብቻ ነው ጎንደር ያለው። ነገ መሄድ አለብዎት።”

“ጥንስስ ላይ የተደረሰበት ይድናል” አለች፤ ስለ ጠላ ይሁን ስለ ራሷ አልታወቀም። ከዚያ ዓይኗ ጋኑ ላይ ዐረፈ። “ከቡሄ በኋላ ብሄድስ?”

“ከቡሄ በኋላ እሱ የለም፣ እማማ።”

“ድፍድፌን ለማን ጥዬ?”

ይህን የሚመልስ ማሩ አልነበረም። መልሱን ሁለቱም በጆሯቸው ሰምተዋል፤ ጥሩወርቅ አሁንም ከአጥሩ ወዲያ “ምን አላት?” እያለች ነው። ከጥሩወርቅ በቀር ጋን የሚያውቅ በሠፈሩ የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ጉሽ ሲሏት ለኖረች ሴት፣ ከሁሉ ይልቅ ሰሞኑን “ደምሽም እንደ ጠላሽ ነው” ለተባለች ሴት፣ ጋን አስረክቦ መሄድ። ያውም ጉሽ የተባለው ደም ጤነኛው መሆኑን አምኖ። ፈንታነሽን ከመርፌው ይልቅ ይህ ነበር የከበዳት። “ከዚያስ ወገቤ ይቆረጥ” አለችና ማሩን በጣሳ ጠላ ሸኘችው። ማሩ ጠላ አይጠጣም፤ ያን ቀን ጠጣ።

ደንበኛው ሁሉ ሲበተን ላቀው ወደ ጓዳ ገባ። በእጁ ቢላዋ ይዟል። የግድግዳውን ምርጊት መፈልፈል ጀመረ። የትኛው ስንጥቅ እንደሆነ ጠፍቶት ግድግዳውን ሦስት ቦታ በሳው፤ በአራተኛው ወረቀቱ ወጣ፣ ጭቃ ለብሶ፣ ጽሑፉ ግን ደህና።

“ምን ልታደርገው ነው?” አለችው።

“ነገ እኔ ነኝ የምይዘው።”

“መንገድ ላይ እኮ ኬላ አለ። ይፈትሻሉ። ያነባሉ።”

ላቀው ወረቀቱን በኪሱ ከተተ። “ያንብቡ። ማነው ዝቃጩ ቢሉኝ እኔ ነኝ እላለሁ። አንቺን ግን ጎንደር ያድርሱልኝ” አለ።

ፈንታነሽ ያን ሰው ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ ስትል የኖረችው እንደዚያ አድርጋ አልነበረም። ወደ ጋኑ ሄዳ ጆሮዋን ለጠፈች፤ ድፍድፉ ውስጥ ውስጡን ይንተከተካል። “ይሄን ፈሪ ካስደፈርኩትማ…” አለች ለጋኑ። የቀረውን ጋኑ ብቻ ነው የሰማው።

በማግስቱ ጠዋት ፈንታነሽ ነጠላዋን ደርባ፣ መቀነቷን አጥብቃ፣ በአጥሩ በኩል ሳይሆን በደጅ ዞራ የጥሩወርቅን በር መታች። ጥሩወርቅ ከፈተች። ፈንታነሽ የጓዳዋን ቁልፍና ማጥለያዋን ዘረጋችላት።

“ዛሬ ከሰዓት በኋላ ውሃ ይገባበታል” አለች። “አሥር እንስራ። አሥራ አንድ ካደረግሽው አውቀዋለሁ።”

“ጎንደር ሆነሽ?”

“ጎንደር ሆኜ።”

“ሲጠልል ማን ይነግረኛል?”

“ጆሮሽን ለጥፊበት። ሲተኛ ይነግርሻል። እስኪተኛ ማንም እንዳይቀምስ፤ ሞላን ጨምሮ።”

ጥሩወርቅ ቁልፉን ተቀብላ ጡቷ መሐል ከተተችው። አንድ ስድብ ልትል አፏ ሲዘጋጅ አየኋት፤ የኔ በር ከእነሱ በር ፊት ለፊት ነው። ስድቡ ግን መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነ። የፈንታነሽን ክንድ፣ ደሟ የተቀዳበትን፣ በሁለት እጇ ያዘች።

“እግዜር ደምሽን እንደ ኔ ያጉሸው” አለች።

“አሜን” አለች ፈንታነሽ። ነጠላዋን ሰብስባ፣ ላቀውን አስከትላ፣ አውቶቡስ ወደሚቆምበት ወረደች።